ታሪኩን የሚጨርሰው ማነው?

አጎትና የእህት ልጅ ናቸው፤ የሚኖሩት ለንደን ነው። እሳቸው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1970ዎቹ መጨረሻ ለትምህርት መጥተው የቀሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ናቸው። «2000 ኤዲ» የተባለውን የእንግሊዞች ሳምንታዊ የሳይንስ ልብ ወለድ ኮሚክ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ይገዛሉ፤ ዋናው ጀግናው በወደፊት ዘመን ዳኛም ፖሊስም የሆነው ጃጅ ድሬድ ነው። እሷ ሠዓሊ ናት፤ ለአንድ አሳታሚ የራሷን ኮሚክ ለመሥራት ውል ተልኮላታል፣ ገና አልፈረመችም።

ሠዓሊዋ፦ ጋሼ፣ ጃጅ ድሬድ የማን ነው?

ጋሼ፦ የጆን ዋግነርና የካርሎስ ኤዝኬራ ነዋ። ይህን ያላወቀ ሰው መጽሔቱን አላነበበም።

ሠዓሊዋ፦ ግርጌው ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን ግን እርስዎ አላነበቡትም። ባለቤቱ ሪቤልየን ነው፤ ኦክስፎርድ ያለ የቪዲዮ ጌም ኩባንያ።

ጋሼ፦ እሱንማ መች አጣሁት! በ2000 ገዙት፣ ጄሰንና ክሪስ ኪንግስሊ የሚባሉ ወንድማማቾች። ከነሱ በፊት ኤግሞንት የሚባል የዴንማርክ ድርጅት ነበር፤ ከዚያ በፊት ሮበርት ማክስዌል፣ ከዚያ በፊት አይፒሲ። መጽሔቱ አራት ጌታ አይቷል። ዋግነር ግን በአራቱም ዘመን ያንኑ ሰውዬ ሲጽፍ ነው የማውቀው። እና የማን ነው ስትዪኝ የተለዋወጡትን ልጥራልሽ ወይስ ያልተለወጠውን?

ሠዓሊዋ፦ ያልተለወጠው ሰው አንድም ቀን ባለቤት ሆኖ አያውቅማ! እንዲያውም ገና መጽሔቱ ሳይወጣ ጥሎ የሄደው በዚሁ ምክንያት ነው። ፓት ሚልስ ለአይፒሲ አዲሱን መጽሔት ሲያሰናዳ ዋግነርን አማካሪ አድርጎ አምጥቶት ነበር። ሌላ ድርጅት መጽሔቱን ሊገዛው፣ ለሁለቱም ድርሻ ሊኖራቸው ነበር። ነገሩ ሳይሳካ ቀረ፣ ዋግነርም ተናዶ ወጣ። ኤዝኬራን ደግሞ ያውቁታል። ልብሱን፣ የራስ ቁሩን፣ የከተማውን መልክ የፈጠረው እሱ ነው። የመጀመሪያው የድሬድ ታሪክ መጋቢት 1977 ላይ በሁለተኛው ቁጥር ሲወጣ ግን ሥዕሉ የማይክ ማክማን ነበር። እሱም ተናዶ ሄደ። ልጁ ሲወለድ ሁለቱም አባቶቹ ቤት አልነበሩም።

ጋሼ፦ ሁለቱም ግን ተመለሱ። ዋግነር ወዲያው ነው የተመለሰው። ኤዝኬራ ቆየ፤ በ1982 የአፖካሊፕስ ጦርነትን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ብቻውን ሲሥለው ግን ሰውዬው የማን እንደሆነ ላየ ሁሉ ግልጽ ነበር። እኔ ያን ጊዜ የምኖረው ከሌሎች ሁለት ተማሪዎች ጋር በአንዲት ክፍል ነው፣ ሦስታችንም እየተቀማማን ነው ያነበብነው። እንግሊዝኛዬ ከዩኒቨርሲቲው ይልቅ ለዚያ መጽሔት ዕዳ አለበት። መምህራኑ ለምን እንደ ፖሊስ እንደማወራ አልገባቸውም እንጂ።

ሠዓሊዋ፦ ወዲያው ያልኩትን ሊያስረሱኝ ነው። እኔ እያልኩ ያለሁት ተመልሰው የገቡት በኩባንያው ደንብ መሆኑን ነው። ደንቡ ደግሞ በገጽ ይከፈልሃል፣ የሠራኸው ሁሉ የኛ ነው፣ ስምህም አይጻፍም ነበር።

ጋሼ፦ ስማቸው ይጻፍ ነበር!

ሠዓሊዋ፦ ኬቨን ኦኒል ስለደፈረ ነው የተጻፈው። የመጽሔቱ የሥዕል ክፍል ሰው ነበር፤ በየታሪኩ ላይ የጸሐፊውን፣ የሠዓሊውንና የፊደል ጻፊውን ስም የያዘች ትንሽ ካርድ አስገባ። ከዚያ በፊት በእንግሊዝ የልጆች ሳምንታዊ ኮሚክ ውስጥ ሠሪው አብዛኛውን ጊዜ ስም አልነበረውም። አሳታሚዎቹ የሚፈሩት ሌላ ነገር አልነበረም፤ ስሙ የታወቀ ሠዓሊን ተፎካካሪ ይወስደዋል፣ ወይም ጭማሪ ይጠይቃል።

ጋሼ፦ ልክ ነሽ። ካርዱን ግን እንዴት እንዳቀረቡት ታስታውሻለሽ? ጸሐፊው «የድርሰት ሮቦት» ነበር፣ ሠዓሊው «የሥዕል ሮቦት»። አዘጋጁ ታርግ ከቤተልጌዝ የመጣ አረንጓዴ ፍጡር ነው፤ ፕላስቲክ ኩባያ ይበላል፣ ሮቦቶቹን እያስጨነቀ ያሠራል። ሁሉን የሚሠሩት ሮቦቶች ናቸው፣ ምስጋናው የሱ ነው። ስንስቅ ነበር የምንኖረው። ዋግነር ራሱ ቲቢ ግሮቨር በሚል የሮቦት ስም ይጽፍ ነበር።

ሠዓሊዋ፦ እኔም አንብቤ ስቄያለሁ። ቀልዱ የሚያስቀው ግን እውነት ስለሆነ ነው። ሮቦት ንብረት የለውም፣ ጡረታ የለውም፣ የሠራው ሥራ እንደገና ሲታተም አይጠየቅም። ኩባንያው የራሱን ደንብ በየሳምንቱ በቀልድ መልክ ያትም ነበር፤ ቀልዱን የሚጽፉት ደግሞ ሮቦቶቹ ራሳቸው ናቸው። የበቀል ዓይነት ነበር መሰለኝ።

ጋሼ፦ በይ እንግዲህ፣ እኔም ከኩባንያው ወገን ልቁም፤ አንድ ሰው መቆም አለበት። ድሬድ የዋግነርና የኤዝኬራ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይኖር ነበር? ሁለት ሰው ይጣላል፣ ይታመማል፣ ይሰለቻል። ኤዝኬራ በ2018 ሞተ። መጽሔቱ ግን በዚያም ሳምንት ወጣ፣ በሚቀጥለውም ወጣ። በ1990 «ሃርድዌር» የሚባለው ፊልም የኦኒልንና የስቲቭ ማክማነስን የሰባት ገጽ ታሪክ ሳይጠይቅ ሲወስድ ፍርድ ቤት ሄዶ የረታው ማነው? ኩባንያው ነው። ኦኒል ከኪሱ ጠበቃ ያቆም ነበር?

ሠዓሊዋ፦ ይህኛውን እቀበላለሁ፤ ስማቸውም በፊልሙ ላይ ተጨምሯል። ግን ልብ ይበሉ፣ ያን ጊዜ ኩባንያው የተሟገተው ለንብረቱ ነው። ንብረቱ ለሠሪው በማይመች መንገድ ሲሄድ ማን ይሟገታል? ሃሎ ጆንስን እንውሰድ።

ጋሼ፦ እሷን አታንሺብኝ።

ሠዓሊዋ፦ አነሣታለሁ እንጂ! እኔ ሠዓሊ የሆንኩት በሷ ነው። እርስዎ ነዎት የሰጡኝ፣ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሆኜ።

ጋሼ፦ እናትሽ ተቆጥታኝ ነበር። «ለልጄ የጦርነት መጽሐፍ ትሰጣታለህ» ብላ።

ሠዓሊዋ፦ የጦርነት መጽሐፍ ናት፣ ግን ጦርነቱ ሦስተኛው መጽሐፍ ላይ ነው። አላን ሙር ጽፎ ኢያን ጊብሰን የሣላት በ1984 ጀምሮ ነው። 50ኛው መቶ ዘመን ነው፤ ከማንሃታን ወጣ ብሎ ባሕር ላይ የሚንሳፈፍ፣ ሥራ አጥ የታጎረበት ሠፈር አለ። ሃሎ ከዚያ የወጣች ተራ ልጅ ናት። ኃይል የላትም፣ ትንቢት አልተነገረላትም፣ ንጉሥ አባት የላትም። ገበያ ወጥቶ መመለስ ራሱ አንድ ሙሉ ጀብዱ ነው። በወንድ ልጆች ኮሚክ ውስጥ፣ በዚያ ዘመን፣ እንዲህ ያለች ሴት ማን ጻፈ?

ጋሼ፦ መጀመሪያ ሲወጣ ብዙ አንባቢ አልወደደውም፤ «ተኩስ የለውም» አሉ። እኔ እንኳ እውነቱን ለመናገር ድሬድን አንብቤ ወደሷ የምመለሰው መጨረሻ ላይ ነበር። ሦስተኛው መጽሐፍ ላይ ግን፣ ሞአብ የምትባለው ፕላኔት አለች፤ የስበት ኃይሏ ከመበርታቱ የተነሣ ጊዜ ራሱ ይጎተታል። ወታደሮቹ ደቂቃ ያህል ተዋግተው ሲመለሱ ውጭ ወራት አልፈዋል። ሰው ከጦር ሜዳ ሲመለስ ዓለም ትቶት እንደሚሄድ ከዚያ የተሻለ የነገረኝ የለም። እኔና ጓደኞቼ ከአገር ስለወጣንበት ሁኔታ እንዳነበብን ነው ያነበብነው፤ ለሁለት ዓመት ብለን ወጥተን...። በይ ቀጥዪ።

ሠዓሊዋ፦ ዘጠኝ መጽሐፍ ነበር የታቀደው። ሦስቱ ወጡ፣ በ1986 ቆመ። ለምን ቆመ? ሙር መብቱን ጠየቀ፣ ድርጅቱ እምቢ አለ፣ ሙር ብዕሩን አስቀመጠ። ያ ነው ሁሉም። ስድስት መጽሐፍ በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ቀረ።

ጋሼ፦ ሙር እልኸኛ ነው።

ሠዓሊዋ፦ እልኸኛ ነው፤ ግን እስቲ ሂሳቡን እናስላው። ድርጅቱ ሦስቱን መጽሐፍ እስከ ዛሬ እየደጋገመ ያትማል፣ በ2018 በቀለም አድርጎ አወጣው፣ ሕጋዊ መብቱ ነው። ሙር ደግሞ አራተኛውን ራሱ ጽፎ ሌላ ቦታ ማውጣት አይችልም። ድርጅቱ ያለ ሙር አራተኛውን ማስጻፍ ይችላል፣ ግን አንባቢውን ይፈራል። ስለዚህ አንዱ ባለቤት ነው፣ መጨረስ ግን አይችልም፤ ሌላው መጨረስ ይችላል፣ ባለቤት ግን አይደለም። ላም አለኝ በሰማይ የሆነው ለሁለቱም ነው።

ጋሼ፦ ለኔም ጨምሪ። ወተቱን ስጠብቅ አርባ ዓመት አለፈኝ።

ሠዓሊዋ፦ እኔ የባለቤትነት ነገር ከገንዘብ ይልቅ እዚህ ላይ ነው የሚታየኝ። ታሪኩ መቼ እንደሚያልቅ፣ ማን እንደሚሞት፣ ማን እንደሚያስቀጥለው የሚወስነው ማነው? ክፍያው ትንሽም ይሁን ብዙ ሰው ይስማማበታል። መጨረሻውን የመወሰን ሥልጣን ግን ማንም ሳያስበው ነው ተፈርሞ የሚሄደው።

ጋሼ፦ እንግዲህ ወደ ጆኒ አልፋ ልትወስጂኝ ነው።

ሠዓሊዋ፦ እርስዎ ይንገሩኝ፣ በዚያ ጊዜ ያነበቡት እርስዎ ነዎት።

ጋሼ፦ «ስትሮንቲየም ዶግ» የዋግነርና የኤዝኬራ ነው። በ1978 «ስታርሎርድ» በሚባል ሌላ መጽሔት ተጀምሮ፣ ያ ሲዘጋ ወደ «2000 ኤዲ» ገባ። ጆኒ አልፋ ጨረር የለወጠው፣ ከሰው ተገልሎ በገንዘብ ወንጀለኛ የሚያድን ሰው ነው። አላን ግራንት ከዋግነር ጋር አብሮ ሲጽፈው ቆይቶ በኋላ ብቻውን ያዘው። እናም ሊገድለው ወሰነ። ኤዝኬራ «እኔ አልሥለውም» አለ። አልሣለምም። ሌሎች ሣሉት፤ ጆኒ በ1990 ሞተ። ያን ቁጥር የገዛሁት ከሥራ ስመለስ ነው፣ አውቶቡስ ውስጥ አንብቤ ማቆሚያዬን አልፌ ሄድኩ።

ሠዓሊዋ፦ እና ፈቃዱ የማን ነበር?

ጋሼ፦ የመጽሔቱ። በሕግ ጥፋት የለውም። ግን እኔ በዚያ ሳምንት የተሰማኝ ሰውዬው በሕጋዊ መንገድ መገደሉ ነው። የፈጠረው እጅ አልሥለውም ያለውን ሞት ሞት ብዬ አልተቀበልኩም። ብዙ ሰውም አልተቀበለም። ዋግነርና ኤዝኬራ በኋላ ተመልሰው ከጆኒ ሞት በፊት ያለውን ታሪክ መሥራት ጀመሩ፣ በ2010 ደግሞ ራሱ ዋግነር ጆኒን ከመቃብር አወጣው። ኤዝኬራ ሣለው። ያኔ ነው መሞቱም መነሣቱም እውነት የመሰለኝ።

ሠዓሊዋ፦ አዩ? እርስዎ ራስዎ የማይታይ የባለቤትነት መዝገብ ይዘዋል። በዚያ መዝገብ ሪቤልየን የለም።

ጋሼ፦ የለም። ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ላይ ዋግነር ከድሬድ ዞር ሲል ሌሎች ጻፉት። ጋርዝ ኤኒስ፣ ግራንት ሞሪሰን፣ ማርክ ሚላር፤ ሁሉም በኋላ ትልቅ ስም ያወጡ ናቸው። ፈቃድ ነበራቸው፣ ችሎታም ነበራቸው። ግን ድሬድ አልነበረም፣ የድሬድ ልብስ የለበሰ ሰው ነበር። በ1995 ስታሎን የራስ ቁሩን አውልቆ ፊቱን ሲያሳይ ደግሞ ሲኒማ ቤት ውስጥ ያጉረመረመው እኔ ብቻ አልነበርኩም። የ2012ቱ ግን፣ ካርል ኧርባን፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አላወለቀም። ያን ጊዜ ዋግነርን ጠይቀውት ነበር፤ ያስታውቃል።

ሠዓሊዋ፦ ይጠይቁት እንጂ መጠየቅ ግዴታቸው አልነበረም።

ጋሼ፦ አልነበረም። አንድ ነገር ግን ልንገርሽ፣ ይኼ ያንቺን ክርክር ሊያበላሸው ይችላል። ድሬድ ያረጃል። ታውቂያለሽ፣ ሱፐርማን ከ1938 ጀምሮ ያው ጎረምሳ ነው። ፈጣሪዎቹ ጄሪ ሲገልና ጆ ሹስተር በ130 ዶላር ከነመብቱ ሸጡት፣ ገዢው ደግሞ እቃው እንዳያረጅበት ጠበቀው። ድሬድ ግን ከኛ ጋር ዓመት በዓመት ይሄዳል። የመጀመሪያው ታሪክ በ2099 ነው፤ አሁን እሱ ዘንድ ሌላ አርባ ምናምን ዓመት አልፏል። በ2066 ከአንድ ዳኛ ሴል የተቀዳ ሰው ስለሆነ ሰማንያ ዓመት አልፎታል። ይህን ያደረገው ኩባንያ ነው? ኩባንያ ንብረቱ እንዲያረጅ ይፈልጋል? ዋግነር ነው። ባለቤት ሳይሆን፣ የሌላውን ንብረት አስረጀው! ከዚህ የበለጠ ባለቤትነት ምን አለ?

ሠዓሊዋ፦ ይኼ ጥሩ ነው። ይኼን አላሰብኩትም ነበር።

ጋሼ፦ ሰውዬው አንድ ቀን መሞት አለበት ማለት ነው። ሪቤልየን ያን ቀን ምን እንደሚያደርግ ማየት እፈልጋለሁ።

ሠዓሊዋ፦ እርስዎና እኔ ዕድሜ ከሰጠን። ሕጉ ላይ አንድ ነገር ያስቀኛል። የእንግሊዝ የቅጂ መብት ሠሪው ከሞተ በኋላ 70 ዓመት ነው፤ ሁለት ሰው አብሮ የሠራው ከሆነ የሚቆጠረው የመጨረሻው ሰው ከሞተበት ነው። ያገራችን አዋጅ 410/1996 ደግሞ 50 ዓመት ይላል። ኩባንያው ሥራውን ገዝቶ ንብረቱ ስንት ዓመት እንደሚቆይለት የሚሰላው ግን በሸጠው ሰው ዕድሜ ነው። ኩባንያው ለሻጩ ረጅም ዕድሜ እየተመኘ ይኖራል።

ጋሼ፦ «እግዜር ያቆይህ» ይሉታል በየገናው።

ሠዓሊዋ፦ ከልባቸው ነው የሚሉት። ሌላም አለ። በዚህ አገር ሕግ ተቀጣሪ የሠራው የአሠሪው ነው። በገጽ እየተከፈለው ቤቱ ሆኖ የሚሠራ ግን በጽሑፍ ፈርሞ ካላስተላለፈ መብቱ የራሱ ነው። ግራንት ሞሪሰን «ዜኒዝ» የኔ ነው የሚለው በዚህ ነው፤ ያን ጊዜ መብቴን ያስተላለፍኩበት ሰነድ የለም ይላል። በ1987 ከስቲቭ ዮዌል ጋር የጀመረው ነው፤ በዚህ ጭቅጭቅ ዓመታት ሙሉ እንደገና ሳይታተም ቆየ። ሪቤልየን በ2013 ድንገት አንድ ትልቅ ጥራዝ አወጣ፣ 1000 ቅጂ ብቻ፣ ዋጋው 100 ፓውንድ።

ጋሼ፦ ልግዛ አልግዛ ስል አለቀ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ በሚቀጥለው ዓመት በርካሽ ሲያወጡት እንኳ ቁጭቱ አልለቀቀኝም።

ሠዓሊዋ፦ አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ማርቬል በድሮ ጊዜ ቼኩ ጀርባ ላይ አንቀጽ ያትም ነበር። ገንዘቡን ለመውሰድ ቼኩን ትፈርማለህ፣ በዚያው ፊርማ መብቱን ታስረክባለህ። ቤት ኪራይ የደረሰበት ሠዓሊ ባንክ መስኮት ላይ ቆሞ የቼክ ጀርባ ያነባል? እኔን ቢያንስ ወረቀቱን በሙሉ ልከውልኛል፣ ይመስገናቸው።

ጋሼ፦ አምጪው እስቲ። መነጽሬን... አዎ። «በአሁኑ ጊዜ በሚታወቁና ወደፊት በሚፈለሰፉ ማናቸውም መንገዶች፣ በመላው ዩኒቨርስ»። ምን ማለት ነው? ማርስ ላይ ሊሸጡት ነው?

ሠዓሊዋ፦ የተለመደ አንቀጽ ነው፤ ጠበቆች ነገ ሳተላይት ላይ ቢሸጥ እንዳያመልጣቸው ብለው ነው የጻፉት። በዚህ ሁሉ ወረቀት ውስጥ የሳይንስ ልብ ወለድ የጻፉት እነሱ ብቻ ናቸው።

ጋሼ፦ ይኼ ደግሞ ጥሩ ይመስላል፤ መጽሐፉ ከገበያ ሲጠፋ መብቱ ላንቺ ይመለሳል ይላል።

ሠዓሊዋ፦ እሱ ነው የሚያስፈራኝ! ሙርና ዴቭ ጊበንስ «ዎችሜን»ን ለአሜሪካው አሳታሚ ለዲሲ ሲሠሩ የፈረሙት ያንኑ ነው። መጽሐፉ መታተም ሲያቆም መብቱ ወደነሱ ይመለሳል። በዚያ ዘመን ኮሚክ ዓመት ሁለት ዓመት ተሸጦ ይረሳል፤ ስለዚህ ውሉ ለጋስ ይመስል ነበር። በ1987 በአንድ ጥራዝ ወጣና ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ከገበያ አልጠፋም። የተወደደ መጽሐፍ ስለሆነ ብቻ መቼም አይመለስላቸውም። በ2012 ዲሲ የሙርን ተቃውሞ ከቁም ነገር ሳይቆጥር በሌሎች ጸሐፊዎች ቅድመ ታሪኩን አሳተመ። አሁን ደግሞ መጽሐፍ በኮምፒውተር ፋይል ይሸጣል፤ ፋይል ከገበያ አይጠፋም። ይህ አንቀጽ ዛሬ ምንም አይሰጠኝም።

ጋሼ፦ ታዲያ ምን ልታስጽፊ ነው?

ሠዓሊዋ፦ በዓመት ከዚህ ቁጥር በታች ከተሸጠ ይመለስ የሚል በቁጥር የተጻፈ ልክ። ክፍያውን ትንሽ ቢቀንሱም እሺ እላለሁ። ሁለተኛው፣ ቀጣይ ታሪክ ቢፈልጉ መጀመሪያ እኔን እንዲጠይቁ፣ እኔ ጨረስኩ ካልኩ ሌላ ሰው እንዳይቀጥለው። ሁለተኛውን እምቢ የሚሉ ይመስለኛል። የሞራል መብቴን እንድተውም ጠይቀውኛል፤ በዚህ አገር ሕግ ፈርሞ መተው ይቻላል። እሱን እሰርዛለሁ።

ጋሼ፦ ፓት ሚልስም እንዲህ ብሎ ነው የራሱን የጀመረው። በ1991 እሱ፣ ዋግነር፣ ግራንት፣ ኦኒል፣ ማክማን ሆነው «ቶክሲክ» የሚባል ሳምንታዊ አወጡ። ሠሪው የሠራው የራሱ ነው አሉ። ገዛሁ፣ ደስ አለኝ፣ ለሁሉም ሰው አወራሁ። ሠላሳ አንድ ቁጥር ወጥቶ ተዘጋ፣ ሠዓሊዎቹም ያልተከፈላቸው ቀረ። መብታቸውን ይዘው ባዶ እጃቸውን። ስለዚህ ነው እኔ ኩባንያ ሲባል ቶሎ የማልቆጣው። አንድ ቤት በየረቡዑ ሳይዘጋ መጠበቅ ራሱ ሥራ ነው።

ሠዓሊዋ፦ ባዶ እጃቸውን አልቀሩም። ሚልስና ቶኒ ስኪነር በ«ቶክሲክ» የጀመሩት «አክሲደንት ማን» በ2018 ፊልም ሆነ። መጽሔቱ ሞተ፣ ታሪኩ ግን ከሠሪዎቹ ጋር ተረፈ። ከኛም ሰው ብሥራት ደበበ «ጀምበር»ን በ2018 በአማርኛና በእንግሊዝኛ ሲያወጣ የራሱን ኢታን ኮሚክስን አቋቁሞ ነው። ከባድ ነው፣ ማተሚያውንም ማከፋፈሉንም ራስህ ትሸከማለህ፤ ጀምበር ነገ ምን ይሆናል የሚለውን ግን ሌላ ሰው አይወስንም። እኔ ያን አቅም የለኝም፣ ለዚያ ነው አሳታሚ የፈለግኩት። ግን ሁሉን ማስረከብ ወይም ሁሉን መሸከም ብቻ መሆን የለበትም።

ጋሼ፦ እኛስ? አንባቢዎቹ? ከመጽሔቱ ታሪክ ውስጥ ምንም የለንም?

ሠዓሊዋ፦ ወረቀቱ የርስዎ ነው፣ ሊሸጡት ይችላሉ።

ጋሼ፦ አትቀልጂ። በ2013 «ጃጅ ሚንቲ» የሚል ፊልም አንባቢዎች በራሳቸው ገንዘብ ሠርተው ለትርፍ ሳይሆን እንዲያው አሳዩት። ዋግነር በ1980 ከጻፈው አንድ አጭር ታሪክ ነው፤ አርጅቶ ከሥራ የሚወጣ ዳኛ። ሪቤልየን አልከለከለም። «ዛርጃዝ» የሚባል መጽሔትም አንባቢዎች ራሳቸው እያዘጋጁ፣ ድሬድን በፈቃድ እየሠሩ አውጥተዋል። ከዚያ የጀመሩ ልጆች ዛሬ ዋናው መጽሔት ላይ ይሠራሉ። ይኼ ምን ይባላል?

ሠዓሊዋ፦ ቸርነት ይባላል፤ ብልህነትም አለበት። ነገር ግን የተፈቀደ ነገር ነው፤ የፈቀደ ይከለክላል። ነገ አምስተኛ ጌታ መጥቶ ቢቆጣስ? «2000 ኤዲ» ራሱ እኮ መጀመሪያ ቁጥሩን የሸጠበትን ጀግና አልያዘም። ዳን ዴር የማን ነው?

ጋሼ፦ ሌላ ድርጅት ይዞታል። ሪቤልየን ድሮ ራሱ መጽሔቱ ላይ የወጣውን ዳን ዴር በጥራዝ ሲያወጣ ተፈቅዶለት ነው። ስታስቢው የሚገርም ነው። የካቲት 1977፣ ስምንት ፔንስ፣ ሽፋኑ ላይ ትልቁ ስም የሱ ነበር። አባቱ ፍራንክ ሃምፕሰን በ1950 ለ«ኢግል» ፈጥሮት፣ መብቱ ከእጁ ወጥቶ፣ ሌሎች እንደፈለጉ ሲለውጡት እያየ በ1985 ሞተ። «2000 ኤዲ»ዎቹም ፊቱን እንኳ ቀይረውት ነበር።

ሠዓሊዋ፦ እሱንም ያነጋገረው ሰው አልነበረም ብዬ እገምታለሁ።

ጋሼ፦ ይኼን ውል በቶሎ አትፈርሚ። ሁለተኛውን አንቀጽ ሳይጽፉ አትፈርሚ። እምቢ ካሉም ከመሄድሽ በፊት ደውዪልኝ፣ ሌላ መንገድ እንፈልጋለን።

ሠዓሊዋ፦ እርስዎ ደግሞ አንድ ጥያቄ ይመልሱልኝና እሄዳለሁ። ጊብሰን በ2023 ሞቷል። ሙር እንደማይመለስ የታወቀ ነው። ነገ ሪቤልየን ጎበዝ ጸሐፊና ጎበዝ ሠዓሊ ቀጥሮ የሃሎ ጆንስን አራተኛ መጽሐፍ ቢጀምር፣ ያን ረቡዕ ይገዛሉ?

ጋሼ፦ አልገዛም።

ሠዓሊዋ፦ እርግጠኛ ነዎት?

ጋሼ፦ ... ጎበዝ ሠዓሊ አልሽ?

ሠዓሊዋ፦ በጣም ጎበዝ።

ጋሼ፦ የመጀመሪያውን ቁጥር እገዛለሁ። ምን እንዳደረጓት ለማየት ብቻ። ሁለተኛውን አልገዛም።

ሠዓሊዋ፦ ጥያቄውን ያነሣሁት ለምን እንደሆነ ልንገርዎት? ያቺን ሠዓሊ እንድሆን አንድ ሰው ቢጠይቀኝ እምቢ የምል አይመስለኝም።

ጋሼ፦ እኔ ደግሞ ሁለተኛውንም ልገዛ ነው ማለት ነዋ! ግን ያንቺን ሥዕል ነው የምገዛው። እሱን ጻፊልኝ፣ ውሉ ላይ።